ጥንድ ሆናችሁ ወይስ ለየብቻ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። አንተና የልጅነት ባልንጀራህ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ዕቃን ብስክሌት ላይ ጭኖ ያለ አጃቢ የሚጋለብ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ልትሞክሩ ነው። በጥንድ ብንመዘገብ እንጣላለን፣ ለየብቻ ብንሄድ ደግሞ አብሮ መሄዳችን ትርጉም ያጣል ብለህ ሰግተሃል። እኔ ሁለታችሁም በአንድ ቀን፣ ከአንድ መነሻ፣ ግን ለየብቻ ተመዝገቡ እላለሁ።

በዚህ ስፖርት ያፈራኋቸውን የልብ ወዳጆች ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያገኘኋቸው ብቻዬን ስጋልብ ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም፤ ከደንቡ ራሱ የሚመነጭ ነው። ለሁሉም ተወዳዳሪ እኩል ክፍት ያልሆነ እርዳታ መቀበል ክልክል ነው። ከሱቅ ትገዛለህ፣ ሆቴል ታድራለህ፤ ዘመድህ ምግብ ይዞ መንገድ ላይ ሊጠብቅህ ግን አይችልም። ከሌላ ተወዳዳሪ ጀርባ ተጠግተህ ከነፋስ መከለልም አይፈቀድልህም። ስለዚህ መንገድ ላይ ለምታገኘው ሰው ልትሰጠው የምትችለው በጣም ጥቂት ነው፦ ሰላምታ፣ እውነተኛ ወሬ፣ አጠገቡ መቀመጥ። እሱም ከአንተ የሚጠብቀው ከዚህ አይበልጥም። ውለታ የሌለበት ቅርርብ ምን ያህል ንጹሕ እንደሆነ የሚገባህ በውድቅት ሌሊት ነዳጅ ማደያ ደጃፍ ላይ ከማታውቀው ሰው ጋር ተቀምጣችሁ የየራሳችሁን ዳቦ ስትገምጡ ነው።

በዚያ ላይ ድካሙ አለ። ለተከታታይ ሌሊቶች ሦስትና አራት ሰዓት ብቻ የተኛ ሰው ራሱን አሳምሮ ለማቅረብ የሚተርፈው ጉልበት የለም። ሲከፋው ያለቅሳል፣ ደስ ሲለው ይጮኻል፣ ስትጠይቀው ያለውን እንዳለ ይነግርሃል። በመደበኛው ኑሮ ዓመታት የሚፈጅ መተዋወቅ እዚያ በአንድ ዳገት ያልቃል።

አንድ ዝናባማ ሌሊት ከተራራ ስወርድ በተዘጋ ሱቅ ታዛ ሥር ኩርምት ያለ ጋላቢ አገኘሁ። ጣቶቹ የጃኬቱን ዚፕ መሳብ አቅቷቸዋል፤ አንደበቱም ተሳስሯል። እነዚህ ሁለቱ የሰውነት ሙቀት አደገኛ ደረጃ ላይ መውረዱን የሚያሳዩ ምልክቶች ናቸውና አጥብቀህ ያዛቸው። እንዲህ ባለ ጊዜ ደንብ የሚባል ነገር የለም፤ ሕይወት ይቀድማል። እርጥቡን ልብስ አስወልቄ ደረቅ አለበስኩት፣ የመኝታ ከረጢቱ ውስጥ አስገባሁት፣ ጣፋጭ ነገር አበላሁት፣ ጣቶቹ እስኪታዘዙት ድረስ እያወራሁ አቆየሁት። ሲነጋ ቀድሞኝ ሄደ። ዛሬ ቤተሰቤ ላይ ችግር ሲደርስ መጀመሪያ የምደውለው ለእሱ ነው።

ፉክክሩ ወዳጅነትን ያበላሻል ብለህም አትፍራ። እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በሚያቋርጠውና 6,800 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝመው በትራንስ አም ውድድር፣ በመጨረሻው ሌሊት፣ ሲመራ የነበረው ሽቴፈን ሽትራይሽ ከእንቅልፉ ተነሥቶ አቅጣጫ ስቶ ወደ ኋላ ሲጋልብ ከተከታዩ ከሌል ዊልኮክስ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ። አብረን እንጨርስ አላት። እሷ ግን ይህ ውድድር ነው ብላ ገፋች፤ በ18 ቀን ከ10 ደቂቃም አጠቃላይ አሸናፊ ሆነች። ይህን ጭካኔ የሚሉት አሉ፤ እኔ አልስማማም። ከአገሩ ዳር ጀምሮ ያለውን ሁሉ የሰጠን ሰው እስከ መጨረሻው መፎካከር እሱን ማክበር ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ዓለምን በ108 ቀናት ስትዞር መንገዷን በይፋ እያሳወቀች የፈለገ ሁሉ አብሯት እንዲጋልብ የጋበዘችውም ይህችው ሴት ናት።

አሁን ወደ ጥንድነቱ ልምጣ። ብዙዎች ችግሩ የፍጥነት ልዩነት ይመስላቸዋል። ከዚያ ይልቅ የሚያስቸግረው መቆሙ ነው። ረኀብ፣ እንቅልፍና የሆድ ሕመም ለሁለት ሰዎች በአንድ ሰዓት አይመጡም። አንዱ በቀን አራት ጊዜ፣ ሌላውም በራሱ ሰዓት አራት ጊዜ ለ10 ደቂቃ ቢቆሙ 80 ደቂቃ ሄደ፤ ያ ደግሞ ሊተኙበት የሚገባ ሰዓት ነው። ከሁሉ የከፋውን ግን ዳገት ላይ ታየዋለህ። ብርቱው ቀድሞ ይወጣና ጫፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ደካማው እያለከለከ ሲደርስ ብርቱው አርፏልና ወዲያው ይነሣል። ቀኑን ሙሉ አንዱ እያረፈ፣ ሌላው ሳያርፍ ይውላል። ማንም ክፉ ቃል ሳይናገር ቂም የሚያዘው እንዲህ ነው። አብራችሁ ስትለማመዱ ዳገቱን ቀርፋፋው ይምራ፤ የቀደመም ቢኖር የኋለኛው አርፎ እንሂድ እስኪል ይጠብቅ።

ይህን ሁሉ ሰምታችሁ በጥንድ እንሂድ ካላችሁ፣ አንዱ ቢታመም ሌላው ይቀጥላል ወይስ አብሮ ያቆማል የሚለውን ከመነሣታችሁ በፊት ቁርጡን ተነጋገሩ፤ በጽሑፍም አስቀምጡት። በአምስተኛው ቀን፣ እንቅልፍ አጥታችሁ፣ ይህን ጥያቄ በቅንነት መመለስ አይቻልም። ባልቀጥል ይቀየመኛል፣ ብቀጥል ከዳኝ ይለኛል የሚለው ሐሳብ ጤነኛውንም ያሳምመዋል። ደንቡ ከውድድር ውድድር ስለሚለያይ አንዱ ሲያቋርጥ ሌላው በምን ምድብ እንደሚቀጥል አዘጋጆቹን ጠይቁ።

ለየብቻ ስትሄዱ ደግሞ አትጠፋፉም። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ የሳተላይት መከታተያ ስለሚይዝ ባልንጀራህ ካርታ ላይ ነጥብ ሆኖ ይታይሃል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የእሱ ነጥብ ሲንቀሳቀስ ማየት የሚሰጠውን ብርታት እኔ በቃል ልገልጽልህ አልችልም። ሰዎች ከቤታቸው ሆነው በነጥብ ብቻ የሚያውቁትን ጋላቢ እንደ ወንድም ይወዳሉ። ትራንስኮንቲኔንታል የተባለውን አውሮፓን የሚያቋርጥ ውድድር እ.ኤ.አ. በ2013 የመሠረተው ማይክ ሆል፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 መጨረሻ ላይ አውስትራሊያን በሚያቋርጥ ሌላ ውድድር ላይ ሳለ በመኪና ተገጭቶ ሲሞት ያ ውድድር ተቋረጠ፤ ውድድሩ ሊጠናቀቅበት በነበረው በሲድኒ ኦፔራ ሃውስም ብዙ ብስክሌተኞች እሱን ለማሰብ ተሰበሰቡ። ይህን ያነሣሁልህ ሐዘኑን ብቻ ለመንገር አይደለም። መብራትና አንጸባራቂ ልብስን በክብደት ምክንያት እንዳትቀንሱ፣ ዐይናችሁ መከደን ሲጀምርም ከመንገድ ወጥታችሁ እንድትተኙ ቃል ተገባቡ። የነጥብህን መቆም እያየ የሚጨነቅ ሰው እንዳለህ አስብ። የባልንጀራህ ነጥብ ረጅም ጊዜ ቢቆም ግን ተኝቶ ሊሆን ስለሚችል ወደ ኋላ አትመለስ፤ ለአዘጋጆቹ ደውል፣ የሚያጣራ ሰው አላቸው።

ስለ ዕቃ አላስረዝምም፦ ካላማዳርያ፣ የካቴና መፍቻና መብራት እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ያዙ። መለዋወጥ አይፈቀድላችሁም፣ ሳታስቡትም በ200 ኪሎ ሜትር ልትራራቁ ትችላላችሁ።

የመመለሻ ትኬት ስትቆርጡ ደግሞ ከገመታችሁት መጨረሻ ላይ ሁለት ቀን ጨምሩ። ቀድሞ የደረሰ ታጥቦና ተኝቶ የኋለኛውን ለመቀበል ይውጣ። ከዚያም ሁለታችሁም እዚያው ቆይታችሁ እናንተ ካለፋችኋቸው በኋላ የሚደርሱትን ተቀበሉ፤ መንገድ ላይ በሰላምታ ብቻ ያለፋችሁት ሰው ስሙን፣ ከየት እንደመጣና ያን ዳገት እንዴት እንደወጣው ቁጭ ብሎ የሚነግራችሁ በዚያ ሰዓት ነው።