የሞተር ፈረስ ጉልበት፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ኤሌክትሪክ ሞተር ጉልበት የፈለጋችሁትን ጠይቁ። አንድ ነገር ግን ቀድሜ ልበል፤ ሞተሩ ላይ በተለጠፈው ታርጋ የተጻፈው ኪሎዋት ሻፍቱ (የሚሽከረከረው ዘንግ) ላይ የሚወጣው ነው፣ ከመስመር የሚስበው አይደለም።

ባለወፍጮ፦ ኢንጂነር፣ የሞተሬ ታርጋ ተፍቋል። ስሪ ፌዝ (ባለሦስት መስመር) ነው። በቆሎ ሲፈጭ በክላምፕ ሜትር 15 አምፔር ያነባል። ስንት ፈረስ ጉልበት ነው?

መልስ፦ እንዲህ ነው የሚጠየቀው! 1.732ን (የስሪ ፌዝ ቋሚ ቁጥር ነው) በ380 ቮልት፣ ከዚያ በ15 አባዛ። ፓወር ፋክተሩን (ከቮልት-አምፔሩ እውነተኛ ኃይል የሆነውን ድርሻ) 0.85፣ ኢፊሸንሲውን (ከሳበው ኃይል ሻፍቱ ላይ የሚደርሰውን ድርሻ) 0.88 እንበልና በሁለቱም አባዛ። 7,385 ዋት ገደማ ነው። ለ746 (አንድ ፈረስ ጉልበት በዋት) ሲካፈል 9.9 ፈረስ ጉልበት። ይህ ግን አሁን የሚሰጥህ እንጂ የሞተሩ ሙሉ አቅም አይደለም።

ተማሪው፦ 735 አይደል እንዴ የሚካፈለው?

ባለጋራዥ፦ እሱ የመኪናው ነው፣ ሜትሪኩ ፈረስ ጉልበት።

ተማሪው፦ መጽሐፋችን ላይ 735.5 ነው ያለው።

ባለጋራዥ፦ የቻይና ሞተር ከሆነ እኮ በየትኛውም ብታካፍለው አይደርስም።

መልስ፦ ልዩነቱ አንድ ተኩል በመቶ እንኳ አይሞላም። በዚህ አትጣሉ።

ሞተሬ፦ የኔስ ስንት ፈረስ ጉልበት ነው?

መልስ፦ ልጠንቁል? ቮልት፣ አምፔር፣ ፌዝ።

ፓምፕ፦ ታርጋው 7.5 ኪሎዋት፣ 1440 ዙር ይላል። በኢፊሸንሲ ላባዛው?

መልስ፦ ከላይ ተናግሬያለሁ! የሻፍቱ ነው። ለ746 አካፍል፣ 10 ነው፣ አለቀ።

ፓምፕ፦ አሁን ስንቱን እየሰጠኝ እንደሆነስ?

መልስ፦ ይሄ ነው ጥያቄ። አምፔር ብቻውን ያታልልሃል። ሞተር ባዶውን ሲዞር እንኳ ከሙሉ አምፔሩ ሲሶ እስከ ግማሽ ሊስብ ይችላል፤ ያኔ ፓወር ፋክተሩ ይወድቃል። በ0.85 ካባዛህ የሌለ ፈረስ ትቆጥራለህ። ዙሩን ለካ። ባለ4 ፖል (ማግኔታዊ ዋልታ) ሞተር በ50 ኸርዝ ማግኔታዊ መስኩ በደቂቃ 1500 ይዞራል። ያንተ በሙሉ ጭነት 1440 ስለሆነ 60 ወደ ኋላ ይቀራል። ታኮሜትሩ (የዙር መለኪያው) 1470 ካነበበ የቀረው 30 ነው፤ ጭነቱ ግማሽ ገደማ፣ ማለትም ወደ 5 ፈረስ ጉልበት። ቮልቴጅ ሲወርድ ግን በዚያው ጭነት ይበልጥ ይዘገያል፤ እሱንም አብረህ ለካ። ሽቦው እንደገና የተጠቀለለ ሞተር ከሆነ ደግሞ ታርጋውን አትመን።

ሌላ፦ የኔ 5.5 ኪሎዋት ይላል፣ በኢፊሸንሲ ይባዛል?

መልስ፦ ኧረ በፈጣሪ! ከላይ አንብብ።

ነጋዴ፦ ባለ10 ፈረስ ጉልበት አሁን ስንት ይሸጣል?

መልስ፦ መርካቶ ጠይቅ።