አጋም ነው ብለሽ ከመልቀምሽ በፊት ቅርንጫፉን ተከተዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። «ከአጥራችን ጀርባ ያለው ቁጥቋጦ ጥቁር ሐምራዊ ፍሬ አፍርቷል። ሲሰበር ነጭ ወተት ይወጣዋል። አጋም ነው አይደል? ልጆቼ ይልቀሙት?» ነው ያልሽው። ከሥሩ ሰባት ሰው «አዎ፣ አጋም ነው» ብሎ መልሶልሻል። እኔ ግን እባክሽ ቆዪ እላለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ልክ እንዳንቺ «አጋም ነው» ብዬ የስድስት ዓመት ልጄን ሆስፒታል ያስተኛሁ አባት ነኝ።

አጋምን በጣም የሚመስል መረንዝ የሚባል ተክል አለ። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፣ ከአንድ የተክል ቤተሰብ የወጡ። ሁለቱም ነጭ ወተት አላቸው። የሁለቱም ቅጠል ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት ይወጣል። የሁለቱም አበባ ነጭና ሮዝ ነው፣ ሽታውም ደስ ይላል። ፍሬያቸውም አረንጓዴ ሆኖ ይጀምርና ይቀላል፣ ከዚያ ይጠቁራል። ስለዚህ በጥያቄሽ ላይ የጻፍሻቸው ምልክቶች በሙሉ ለሁለቱም ይሆናሉ። አንዱን ከሌላው የሚለይ አንድም የለባቸውም።

መረንዝ ቀላል መርዝ አይደለም። በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ቀስታቸውን ሲመርዙበት የኖሩት ተክል ነው። ውስጡ ዋባይን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ስሙ የመጣው የቀስት መርዝ ከሚል የሶማልኛ ቃል ነው። የሚሠራው ልብ ላይ ነው። እንዲያውም የዚህን ተክል ልጥ አኝኮ ምራቁን የጎኑ ጸጉር ላይ የሚቀባ አንድ ትልቅ አይጥ አለ። አይጡን የነከሰ ውሻ ይታመማል፣ አንዳንዱም ይሞታል። ተመራማሪዎች ይህን እ.ኤ.አ. በ2011 አሳትመውታል። እኔ ያነበብኩት ልጄ ከዳነች በኋላ ነው፤ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እንግዲህ ከእኔ የምትወስጂው ይህን ነው።

1. እሾህ። አጋም እሾህ አለው፣ ጠንካራና ቀጥ ያለ። መረንዝ የለውም። ይህን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይነግርሻል፣ እውነትም ነው። እኔን ያታለለኝ ግን ይኸው እውነት ነው። እሾሁን አይቻለሁ። እጄንም ወግቶኛል። ልቤ ያረፈውም በዚያ ነው። ሁለቱ ተክሎች ግን አንድ ቦታ ላይ ተጠላልፈው በቅለው ነበር። አጋሙ በመረንዙ ውስጥ ገብቶ፣ መረንዙ በአጋሙ ላይ ወጥቶ፣ ከውጭ ሲታይ አንድ ቁጥቋጦ ነው። እሾሁ የአንዱ፣ ፍሬው የሌላው። ያንቺም ከአጥር ጥግ የበቀለ ስለሆነ እንደዚያው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ቁጥቋጦው እሾህ አለው ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ። አንዷን ፍሬ ያዢ። ከፍሬዋ ተነሥተሽ ቅርንጫፉን በጣትሽ ወደ ታች ተከተዪ። እሾሁን እዚያው እንጨት ላይ ካላገኘሽ ተዪው።

2. ፍሬውን ብቻ አትልቀሚ። ከነቅጠሉ፣ ከነእንጨቱ ቁረጪው። እኛ ያን ቀን ፍሬ ፍሬውን በሳህን ለቅመን ነበር። ሳህን ውስጥ ከገባ በኋላ ማንም ሊለየው አይችልም። እኔና ባለቤቴ የበሰለውን በላን፣ ምንም አልሆንም። ልጄ ግን ቀላ ያለውን፣ ገና ያልበሰለውን መርጣ በላች። «አባዬ ይመራል» አለችኝ። አጋምም ሳይበስል አፍ ይይዛል ብዬ ዝም አልኩ። እህቴ፣ ልጅ ይመራል ካለሽ አፏን አስከፍተሽ አስተፊያት።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ማስመለስ ጀመረች። አንስቼ ድንገተኛ ክፍል ገባሁ። ትልቁ ስሕተቴ እዚህ ጋ ነው፣ ከመልቀሙም የባሰ። ተረኛው ሐኪም «ምን በላች?» አለኝ። «አጋም» አልኩ፣ እርግጠኛ ሆኜ። አጋም ደግሞ ማንም አይፈራውም። «ሆዷን ነው» ተባልኩ፣ ሽሮፕ ተጻፈልንና ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። «ልጄ እየደከመች ነው» ስላት አንዲት ሲስተር «ሁሉም ወላጅ እንዲህ ነው የሚለው» ብላኝ አለፈች። ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የሐኪሙን ግን ይቅር ብያለሁ፤ የተሳሳተውን ስም የሰጠሁት እኔ ነኝ። የሚሰማኝ ሰው ያገኘሁት አንዲት ሌላ ሐኪም እጇን የልጄ አንጓ ላይ አድርጋ የልብ ምቷ መዘግየቱን ስታውቅ ነው። ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ተነሣች። «የበላችውን ተክል አሁኑኑ አምጣልኝ» አለችኝ። በባትሪ ብርሃን ተመልሼ ቅርንጫፉን ቆረጥኩ። እጄ ላይ አንድም እሾህ አልነበረም። ያኔ ነው የገባኝ።

ሁለት ሌሊት ልቧ በማሽን እየታየ ተኛች። ድናለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

ስለዚህ ልጅ ካልታወቀ ተክል ከበላ ስም አትስጪ። ቅርንጫፉን ይዘሽ ሂጂ፣ ቅጠልና ፍሬ ያለበትን። «ይህን በላ፣ ይህን ያህል፣ በዚህ ሰዓት» በይ። በግድ አታስመልሺ፣ ጨው ውኃም አታጠጪ። ወተት መርዙን ይሰብራል ብለሽም ቤት አትቆዪ።

3. ቅጠሉንና የፍሬውን መቀመጫ እዪ። የመረንዝ ቅጠል ትልቅ፣ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ ነው፤ ስትዳስሺው እንደ ቆዳ ነው። የአጋም አነስ ይላል። የአጋም አበባና ፍሬ የሚሰበሰበው ወደ ቅርንጫፉ ጫፍ ነው። የመረንዝ ግን ቅጠሉ ከእንጨቱ በሚገናኝበት ብብት ውስጥ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። ይህን ያስተማሩኝ አንዲት ጡረታ የወጡ እናት ናቸው። ከሆስፒታሉ በኋላ ለማረጋገጥ ቅርንጫፉን ይዤ ተክል ወደሚለዩበት አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ከመሥሪያ ቤትህ ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። ለግሌ ነው፣ ልጄ ተመርዛ ነው ብል፣ ሰውየው ቀና ብሎም አላየኝ። ለሦስት ቀን ተመላለስኩ፣ ቅጠሉም ጠወለገ። እኚህ እናት ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያ ሠርተው ወጥተዋል፣ ያን ቀን ለጉዳይ መጥተው ኮሪደር ላይ አገኙኝ። በአንድ ደቂቃ ነገሩኝ። ቅርንጫፉን በጋዜጣ መሀል አድርጌ በመጽሐፍ ተጭኜ እንዳደርቀውም አሳዩኝ። ዛሬ እንዲህ ያደረቅኳቸው 140 ቅርንጫፎች አሉኝ። እያንዳንዱ ላይ ቀኑንና ቦታውን ጽፌበታለሁ። ሁለት ጎረቤቶቼን ከዚሁ ከመረንዝ መልሻለሁ፣ በዚህ እኮራለሁ።

«ወፎች ይበሉታል» ብሎ ለመለሰልሽ ሰው ደግሞ፦ ወፍ ምስክር አይሆንም። ሰውን የሚገድል ፍሬ በልታ የምትበር ወፍ ብዙ ናት። «ስልኬ ላይ ያለው አፕ አጋም ብሎኛል» ላለውም፣ የእኔም አፕ አጋም ነው ብሎኝ ነበር። ፎቶው ላይ የነበረው የአጋሙ እሾህና የመረንዙ ፍሬ ነው። አፕ ስም ለመገመት ይጠቅማል፣ አፍ ውስጥ ለማስገባት ግን አይበቃም።

ልጆችሽ ቁጥቋጦ የሚወዱ ከሆነ ሌሎቹንም አሳዪያቸው። እንጆሪ ብዙም አያሳስብሽ፤ ትንንሽ ኳሶች የተጣበቁበት የሚመስለው ፍሬው በቀላሉ ይለያል። ጥቁር አውጥ ጠቁሮ ሳይበስል አይነካ፣ አረንጓዴው ያማል። እንቧይ ቢጫ ሆኖ ትንሽ ቲማቲም ይመስላል፣ አይበላም። አስተናግርን ግን ከሁሉ አስቀድመሽ አሳዪያቸው፣ ያንን እሾሃም ድቡልቡል ፍሬ። ፍሬው ሲደርቅ ይሰነጠቅና ዘሩ ይታያል፣ ልጆች ይጫወቱበታል። ዘሩን የበላ ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ያልሆነ ነገር እያየ ይቀባጥራል። ስሙም የወጣለት ከዚሁ ይመስለኛል።

አሁን ካንቺ የምፈልገው አንድ ፎቶ ነው። ፍሬውን ብቻ አታንሺ። አንድ ቅርንጫፍ ከጫፉ እስከ ወፍራሙ እንጨት ድረስ ቁረጪ፣ ነጭ ወረቀት ላይ አጋድሚው፣ ቅጠሉና ፍሬው ከእንጨቱ የሚገናኙበት ቦታ እንዲታይ አድርገሽ አንሺና እዚሁ ለጥፊው። ስትጨርሺ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። እኔ ማታ ማታ እገባለሁ፣ አይቼ የሚመስለኝን እጽፍልሻለሁ። እስከዚያ ልጆቹ ወደዚያ አጥር አይጠጉ።