በአቃቂ ወንዝ ዳር የበቀለ ጎመን፦ ማጠብና ማብሰል ይበቃል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጎመንና ቆስጣ የምገዛው በአቃቂ ወንዝ ዳር ከሚያለሙ ገበሬዎች ነው። በአቼቶ ዘፍዝፌ አጥቤ በደንብ አበስለዋለሁ። የሦስት ዓመት ልጅ አለችኝ፤ አሁንም ነፍሰ ጡር ነኝ። ይህን ያህል እየተጠነቀቅሁ የሚያሰጋኝ ነገር ይኖራል?

መልስ፦ እህቴ፣ አቼቶውም እሳቱም የሚጠቅሙት ለጀርም ነው። እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም የተባሉት ጎጂ ብረቶች ግን በእሳት የሚጠፉ ነገሮች አይደሉም። ወንዙ አዲስ አበባን አቋርጦ ሲወርድ የመኖሪያ ቤቱን፣ የጋራዡንና የፋብሪካውን ፍሳሽ ይዞ ስለሚሄድ፣ ያንን ውኃ ለዓመታት የጠጣ አፈር እነዚህን ብረቶች እያጠራቀመ ይኖራል።

ሁሉም ግን ወደ ተክሉ የሚገቡት በእኩል አይደለም። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣው ክሮሚየም በአብዛኛው ሥሩ ላይ ይቀራል። እርሳስም ከሥር ወደ ቅጠል እምብዛም አይወጣም፤ ቅጠሉ ላይ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ከአቧራና ከተረጨ ጭቃ የመጣ ነው። ስለዚህ ቆስጣውን ከግንዱ ነጣጥለው፣ ጭቃ የሚሸሸግበትን የአገዳውን ሥር በጣትዎ እያሹ በሚወርድ ውኃ ቢያጥቡት ትልቅ ጥቅም አለው። የሚያሳስበኝ ካድሚየም ነው፤ በተለይ አፈሩ አሲዳማ ሲሆን በቀላሉ ተስቦ ቅጠሉ ውስጥ ስለሚገባ በማጠብ አይወጣም፣ በኩላሊት ውስጥም ከ10 እስከ 30 ዓመት ሊቆይ ይችላል።

ይህን ስል አትክልት ይተዉ ማለቴ አይደለም፤ ገበሬዎቹም ውኃውን የበከሉት እነርሱ አይደሉምና ሊወቀሱ አይገባም። ሆኖም እርስዎ ነፍሰ ጡር ስለሆኑና እርሳስ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ስለሚያልፍ፣ ቅጠላ ቅጠሉን ከሌላ አካባቢ ከሚመጣው ይግዙ፤ ሻጯን «ከየት የመጣ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። ሕፃናት ከሚውጡት እርሳስ ወደ ሰውነታቸው የሚገባው ከአዋቂ ከአራት እስከ አምስት እጥፍ ሊደርስ ስለሚችል፣ ልጅዎንም በዚሁ ይጠብቋት።

የብረት ማዕድን እጥረት ያለበት ሰው አንጀት እርሳስንም ካድሚየምንም አብልጦ ይቀበላል። በእርግዝና ክትትልዎ ላይ የደም ማነስ ምርመራ ያድርጉ፤ የሚሰጥዎትን የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብልም ሳያቋርጡ ይዋጡ። ልጅዎ በሰውነቷ እርሳስ እንዳለ በመልኳ አይታወቅም፤ የሚለየው የደም ምርመራ ብቻ ስለሆነ ይህን ከሕፃናት ሐኪሟ ጋር ይነጋገሩበት። «ደም ያጠራል» ተብሎ የሚሸጥ መድኃኒት ግን ለእርስዎም ሆነ ለእርሷ አይግዙ።