ስታክ የሚያደርግ ስልክ፣ ያበጠ ባትሪ እና የውሸት ሚሞሪ

ጥያቄው የመጣው ከባሕር ዳር ዘጌ በሞተር ጀልባ ሰው ከሚያመላልስ ወጣት ነው። አሳጥሬ ላቅርበው። ስልኩ 3 ጊጋ ራም እና 32 ጊጋ ስቶሬጅ ያለው ሳምሰንግ ነው። 128 ጊጋ የሚል ሚሞሪ ካርድ ገብቶበታል። ጋለሪ ሲከፍት ወይም ቪዲዮ ሲቀርጽ ስልኩ ስታክ ያደርጋል፣ ማለትም ድርቅ ይላል። ቢነካው አይሰማም። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሲነቃ፣ በንዴት የነካካው ሁሉ በአንዴ ይከፈታል። አንዳንዴ ጭራሽ አይነቃም። አንድ ጠጋኝ ባትሪ ቀይሮ፣ ፍላሽ አድርጎ (ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ ጭኖ) ሰጠው። ሁለት ሳምንት ደህና ሰነበተ፣ ከዚያ ያው ሆነ። ሌላ ቤት ሲወስደው «ቦርዱ (የስልኩ ዋና ሰሌዳ) ነው፣ ሌላ ስልክ ግዛ» አሉት። መጨረሻ ላይ አንዲት ነገር ጣል አድርጓል። የጀርባው ክዳን በአንድ ጎኑ ከፈት ብሏል፣ ሲጫነው ግን ይመለሳል።

ከመጨረሻዋ ልጀምር። ወንድሜ፣ ክዳኑን መጫን ዛሬውኑ አቁም። ባትሪው አብጧል። አዲስ ነው ብለው የገጠሙልህ ባትሪ ውስጡ ጋዝ ቋጥሮ ክዳኑን እየገፋ ነው። ስትጫነው ጋዙ አይጠፋም። ውስጡ ያሉትን ስስ ንጣፎች ነው የምታጨፈልቃቸው። ተለያይተው መኖር ያለባቸው ንጣፎች ከተነካኩ ደግሞ ባትሪው በራሱ ግሎ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ስልኩን አጥፋው። ቻርጅ ላይ አትሰካው። ትራስ ሥር፣ አልጋ ላይ፣ ኪስህ ውስጥ አታኑረው። እስኪቀየር ድረስ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ላይ፣ የሚቃጠል ነገር በሌለበት ይቀመጥ። በተለይ ጀልባው ላይ ይዘኸው አትውጣ። አንተ የምትውለው ከቤንዚን ጀሪካን ጎን ነው።

ባትሪው ሲቀየር አጠገቡ ቁም። ጠጋኙ ያበጠውን ባትሪ በብረት ስክሩድራይቨር ወይም በምላጭ ሊፈለቅቀው ከተነሳ ስልክህን ተቀብለህ ውጣ። ለዚህ ሥራ የፕላስቲክ መፈልቀቂያ፣ ማጣበቂያውን የሚያለሰልስ ጥቂት አልኮል እና ትዕግሥት ነው የሚያስፈልገው። አዲሱ ባትሪ ማረፊያው ላይ ልክክ ብሎ መተኛት አለበት። ወፈር ያለውን በግድ ጠቅጥቀው ክዳኑን በማስቲሽ የሚያጣብቁ አሉ፣ ያንተም እንደዚያ የተገጠመ ይመስለኛል። እነዚህ ርካሽ ባትሪዎች ላያቸው ላይ ትልቅ ቁጥርና «ኦርጅናል» የሚል ጽሑፍ ይታተምባቸዋል። ጽሑፉን ለማተም የሚወጣው ወጪ ትንሽ ነው፣ ደህና ባትሪ ለመሥራት የሚወጣው ግን ብዙ ነው። በዋጋው ልዩነት አትታለል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። እኔ የጠረጠርኩት ሚሞሪ ካርዱን ነው። ከእሱ ቀጥሎ የሞላውን የስልኩን ስቶሬጅ። ቦርዱን እስካሁን አልጠረጠርኩትም።

የነካካሁት ሁሉ በአንዴ ይከፈታል ብለሃል። ከጻፍከው ሁሉ ለእኔ የምትበልጠው ይህች ናት። ታቹ የተበላሸ ስልክ ጣትህን ጭራሽ አያየውም፣ የነካኸው ባክኖ ይቀራል። ያንተ ስልክ ግን አይቶሃል፣ መዝግቦም ይዟል። የቆመው ከሌላ ቦታ መልስ እየጠበቀ ነው። ባትሪው የደከመ ስልክ ደግሞ ድርግም ብሎ ይጠፋል ወይም ሪስታርት ያደርጋል እንጂ ግማሽ ደቂቃ ቆሞ ሥራውን አይቀጥልም። ስታክ የሚያደርገው ጋለሪና ካሜራ ላይ መሆኑም ወደ ካርዱ ነው የሚጠቁመው፣ ፎቶና ቪዲዮህ ካርዱ ላይ ከሆነ ሁለቱም ሳይነኩት አይሠሩምና። ፍላሽ ከተደረገ በኋላ ሁለት ሳምንት ደህና የከረመው ስልኩ ባዶ ስለሆነ ነው። እንደገና ሲሞላ ሕመሙ ተመለሰ። ቦርዱ ቢሆን ኖሮ ባዶ መሆኑ ባላዳነው።

በየመንገዱ በርካሽ የሚሸጠውን ሚሞሪ ልንገርህ። ብዙዎቹ ላይ 128 ወይም 256 ተጽፎባቸዋል፣ ውስጣቸው ያለው ግን 8 ወይም 16 ጊጋ ነው። የካርዱ መቆጣጠሪያ ለስልኩ «128 ነኝ» ብሎ እንዲዋሽ ተደርጓል። ስልኩ አምኖ ይጽፋል። እውነተኛው ቦታ ሲያልቅ አዲሱ ቪዲዮ በድሮው ላይ ይጻፋል፣ ወይም የትም አይጻፍም። ጋለሪህ ውስጥ ላይኛው ግማሽ ደህና ሆኖ ታችኛው ግራጫ የሆነ ፎቶ ካለ፣ ወይም ስሙ ብቻ ቀርቶ አልከፈት ያለ ቪዲዮ ካለ፣ ካርዱ የውሸት ወይም የተበላሸ መሆኑን ጠርጥር። ስልኩ እንዲህ ያለውን ፋይል ሊያነብ ይሞክራል፣ መልስ ያጣል፣ ይደግማል። አንተ ደግሞ ስክሪኑን ትደበድባለህ።

ካርዱን ስልኩ ጠፍቶ እያለ አውጣው። ኮምፒውተር ላይ ሰክተህ የሚተርፈውን ፎቶና ቪዲዮ መጀመሪያ ገልብጥ። ከዚያ ካርዱን ፎርማት አድርገህ በቪዲዮ ፋይሎች ጢም እስኪል ሙላው። ነቅለህ መልሰህ ሰካውና በመጀመሪያም በመጨረሻም የገለበጥካቸውን ክፈታቸው። አልከፈት ካሉ ካርዱን ጣለው። ለሌላ ሰው አትስጠው።

ካርዱን ስታወጣ የሲም መሳቢያውን ቀዳዳ በእጅ ባትሪ አብርተህ እየው። ሳምሰንጎች ብዙውን ጊዜ እዚያ ነጭ ምልክት አላቸው፣ ውኃ ከነካው ወደ ቀይ ወይም ወደ ሮዝ ይለወጣል። ጣና ላይ የሚሠራ ሰው ስልክ ላይ ይህን ሳላይ ሌላ ነገር አልነካም። የካርዱ የብረት ጥርሶች ላይ አረንጓዴ ዝገት ካለ በንጹሕ ጨርቅና በአልኮል ጥረገው።

አዲሱ ባትሪ ከገባ በኋላ ስልኩን ያለ ካርድ ሁለት ሦስት ቀን ተጠቀምበት። ስታክ ማድረጉን ካቆመ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ከቀነሰ ግን ካልቆመ የስልኩ የራሱ ስቶሬጅ ሞልቷል ማለት ነው። ይህን ሰፋ አድርጌ ላስረዳህ፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ይህን ባለማወቅ ነውና።

አንድ ነገር ስትሰርዝ ቦታው ወዲያው ባዶ የሚሆን ይመስልሃል። አይሆንም። የስልክ ስቶሬጅ ፍላሽ የሚባል ቺፕ ነው። ሲጽፍ በትንንሽ ገጽ ይጽፋል፣ ሲያጠፋ ግን አንድ ገጽ ብቻ ለይቶ ማጥፋት አይችልም። በመቶ የሚቆጠሩ ገጾች የያዘ አንድ ትልቅ ብሎክ በሙሉ ነው የሚያጠፋው። የባለሱቅን የዱቤ ደብተር አስብ። ባለሱቁ መስመር በመስመር ይጽፋል፣ መስመር መፋቅ ግን አይችልም፣ ቅጠሉን ቦጭቆ መጣል ብቻ ነው የሚችለው። ቅጠሉ ላይ ዐሥር ሰው ከፍሎ ሦስት ሰው ካልከፈለ፣ ከመቦጨቁ በፊት ሦስቱን ወደ ንጹሕ ቅጠል መገልበጥ አለበት። ደብተሩ ውስጥ ብዙ ንጹሕ ቅጠል ካለ ይህን የሚሠራው ገበያ በሌለበት ሰዓት ነው፣ ማንም አያይበትም። ንጹሕ ቅጠል ሲያልቅ ግን ደንበኛ በሩ ላይ አቁሞ ነው የሚገለብጠው። ያ ደንበኛ አንተ ነህ። ቪዲዮ መቅረጫውን ስትነካ ቺፑ የምትጽፍበት ቦታ የለውም። መጀመሪያ ደህናውን ፋይል ይሰበስባል፣ ወደ ሌላ ያዛውራል፣ ብሎኩን ያጠፋል፣ ከዚያ ነው ላንተ የሚጽፈው። እስከዚያ አንድሮይዱም፣ ስክሪኑም፣ ካሜራውም ይቆማሉ። በዚያ ላይ በረከስ ባሉ ስልኮች ላይ ያለው ኢኤምኤምሲ የሚባለው ቺፕ እየጻፈ ማንበብ አይችልም፣ ሁለቱን በተራ ነው የሚሠራው። ውድ ስልኮች ላይ ያለው ዩኤፍኤስ ግን ጎን ለጎን ያስኬዳቸዋል። አንድ ብሎክ ስንት ጊዜ ሊጠፋ እንደሚችልም ገደብ አለው፣ ሁልጊዜ ጢም ብሎ የሚኖር ስልክ ቶሎ ያረጃል። ለዚህ ነው ራም ያፋጥናል፣ ቆሻሻ ይጠርጋል እያለ ማስታወቂያ የሚያዘንብ አፕ ሁሉ የማይረዳህ። የሚያስፈልግህ ንጹሕ ቅጠል ነው።

ከ32ቱ ጊጋ ግማሽ አካባቢውን አንድሮይዱ ራሱ ይይዘዋል። ከቀረው ውስጥ 5 ወይም 6 ጊጋ ሁልጊዜ ባዶ ይሁን። ከቴሌግራም ጀምር። ሴቲንግ ውስጥ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ፣ ከዚያ ስቶሬጅ ዩሴጅ ግባና ካሹን (አውርዶ ስልኩ ላይ ያጠራቀመውን) አጥፋው። ፎቶና ቪዲዮው ቴሌግራም ላይ ስለሚቀመጥ ስትፈልገው መልሰህ ታወርደዋለህ፣ በሚስጥር ቻት የተላከው ብቻ ይጠፋል። በራሱ እንዲያወርድ የሚያደርገውንም ዝጋው። ካሜራህ ሙሉ ኤችዲ ላይ ከሆነ በደቂቃ ከ100 ሜጋ በላይ ይበላል። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ጉማሬ ሲታይ ተሳፋሪው ሁሉ ቅረጽልኝ እንደሚልህ አውቃለሁ። ቅረጽ፣ ላክላቸው፣ ማታ ሰርዘው።

ስለ ፍላሽ ማድረግ ደግሞ። ይህ ነገር በየጥገና ቤቱ የመጀመሪያው መድኃኒት ሆኗል። ስልኩ ምን እንደሆነ ሳይጠየቅ ኮምፒውተር ላይ ይሰካል፣ የባለቤቱ ፎቶና ስልክ ቁጥር ሁሉ ይጠፋል፣ ባዶ ስለሆነ ይፈጥናል፣ ሂሳብ ይከፈላል። ያበጠ ባትሪና የውሸት ካርድ ግን በሶፍትዌር አይድኑም። ስልኩን ማጽዳት የግድ ከሆነ ራስህ ከሴቲንግ ፋክተሪ ሪሴት አድርገው። ከዚያ በፊት ግን የጉግል አካውንትህን የይለፍ ቃል እርግጠኛ ሁን። ከረሳኸው ስልኩ ሊቆለፍብህ ይችላል፣ ለመክፈት ደግሞ ሌላ ወጪ ነው።

ስልኩ ደርቆ አልነቃ ሲልህ፣ የድምፅ መቀነሻውንና ማብሪያውን አብረህ ከ7 ሰከንድ በላይ ያዛቸው፣ ራሱ ይነሳል። ከዚህ ሁሉ በኋላም የሚደርቅ ከሆነ፣ በደረቀበት ሰዓት በሌላ ስልክ ደውልለት። ከጠራና ማንሳት ካልቻልክ ችግሩ ስክሪኑ ወይም የስክሪኑ ገመድ ነው። ጭራሽ ካልጠራ ስልኩ ሁለንተናው ቆሟል። የጫንከውን አፕ ከጠረጠርክ ደግሞ ስልኩን ልታጠፋ ስትል የሚመጣውን ፓወር ኦፍ የሚለውን ጫን አድርገህ ያዘው፣ ሴፍ ሞድ (አንተ የጫንካቸው አፖች የማይሠሩበት) ይመጣል። በዚያ ደህና ከሆነ በቅርብ የጫንካቸውን አንድ በአንድ አውጣ። ቻርጅ ላይ ሳለ ብቻ ከሆነ የሚያብደው፣ ቻርጀሩን ቀይር። ርካሽ ቻርጀር፣ በተለይም ከሞተር ባትሪ የሚሳበው፣ ኤሌክትሪኩ ንጹሕ ስላልሆነ ስክሪኑ ጣትህን ከረብሻው መለየት ያቅተዋል።

በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐይ ስልኩን ጀልባው ላይ ገልጠህ አታስቀምጠው። ሲግል ራሱን ለመከላከል ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ያን ጊዜ ዝግ ማለቱ ብልሽት አይደለም። ሙቀት ባትሪንም ያሳብጣል። አዲሱ ባትሪ ከገባ በኋላም ክዳኑን በየጊዜው በጣትህ ዳሰው። ትንሽ እንኳ ከፍ ካለ አሁንም አትጫነው፣ አጥፋው፣ ቻርጅ አታድርገው፣ ከቤንዚኑ አርቀው። ጢስ ካየህ ስልኩን ለማዳን እጅህን አትስደድ። ከጢሱ ራቅ፣ መርዝ ነው።

አዲስ ሚሞሪ ስትገዛ 32 ወይም 64 ይበቃሃል። ኤ1 የሚል ምልክት ያለበትን ፈልግ፣ በሰከንድ ቢያንስ 1500 ጊዜ ማንበብና 500 ጊዜ መጻፍ እንዲችል የሚጠየቅ ደረጃ ነው። ምልክቱም በውሸት ሊታተም ስለሚችል ቅድም በነገርኩህ መንገድ ሞልተህ ፈትነው፣ የውሸት ከሆነ ሻጩ ገንዘብህን እንደሚመልስልህም አስቀድመህ ተስማማ። ስልኩ ውስጥ ካስገባኸው በኋላ እዚያው ፎርማት አድርገው። ፎቶና ቪዲዮ ብቻ ይኑርበት፣ አፕ ወደ እሱ አታዛውር።

ባትሪው ተቀይሮ፣ ካርዱ ወጥቶ፣ 6 ጊጋ ባዶ ሆኖ፣ ሪሴትም ተደርጎ አሁንም ከደረቀ፣ ያኔ የስቶሬጅ ቺፑ ራሱ አርጅቷል፣ ሁለተኛው ጠጋኝም ልክ ነበር ማለት ነው። ቺፑን መቀየር የሚችሉ እጆች አሉ፣ ግን ለ32 ጊጋ ስልክ ወጪው አያዋጣም። ያን ገንዘብ ቢያንስ 64 ጊጋ ላለው ስልክ አጠራቅመው።