ጠብቆ የማይቆይ የጀልባ ሞተር ማውንት

ጥያቄ፦ መንገደኞችንና ምእመናንን ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና በአቅራቢያው ወዳሉት ገዳማት የማመላልስበት፣ ከፋይበር ግላስ የተሠራ ጀልባ አለኝ። ባለ አራት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተሩ ከወለሉ ሥር በአራት ባለ ጎማ ማውንቶች (ሞተሩን የሚሸከሙና ንዝረቱን የሚቀንሱ መደገፊያዎች) ላይ ተቀምጧል። ከጥቂት ወራት ወዲህ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ በኃይል ይንቀጠቀጣል፤ ማርሽ ሳስገባም ከኋላ በኩል የመምታት ድምፅ ይሰማል። በስተኋላ በግራ በኩል ያለውን ማውንት ከሥር የያዙትን ሁለት ቡሎኖች ሦስት ጊዜ ባጠብቃቸውም ከሁለት ሳምንት በላይ አልቆዩልኝም። አንድ መካኒክ ወፍራም ቡሎን እንዳስገባ፣ ሌላው ደግሞ ጎማዎቹን አውጥቼ ሞተሩን በቀጥታ ከብረት ጋር እንዳስር መክረውኛል። የትኛውን ላድርግ? (አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱንም እንዳያደርጉ እመክርዎታለሁ፤ ጥገናው እስኪያልቅ ድረስም እባክዎ ሰው አይጫኑበት። ሞተሩ በተነቃነቀ ቁጥር የፕሮፔለሩን ዘንግ አብሮ ስለሚያነቃንቀው፣ ዘንጉ ከጀልባው በሚወጣበት ቦታ ውኃ እንዳይገባ የሚዘጋው ፓኪንግ እየተበላ ውኃ ማስገባት ይጀምራል፤ የናፍጣ ቱቦዎችም በመታጠፊያቸው ላይ ይሰነጠቃሉ።

ሦስት ጊዜ የጠበቀ ቡሎን ሦስት ጊዜ ከላላ፣ መመርመር ያለበት ቡሎኑ የገባበት ነገር ነው። በብዙ የፋይበር ግላስ ጀልባዎች ሞተሩ የሚያርፍባቸው፣ ከፊት ወደ ኋላ የተዘረጉት ሁለት ወራጆች ውስጣቸው እንጨት ሲሆን ላያቸው ብቻ በፋይበር የተሸፈነ ነው። በቡሎኑ ቀዳዳ በኩል ውኃና ዘይት ለዓመታት ሲገባ እንጨቱ ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ከላይ ሲታይ ግን ደህና ይመስላል። ቡሎኑን ነቅለው ጥርሱን ይመልከቱ፦ ጥቁርና እርጥብ የእንጨት ብናኝ ይዞ ከወጣ፣ ወይም ካቻቪቴ ወደ ቀዳዳው ሲያስገቡ ያለ ብዙ ኃይል ከገባ፣ ምክንያቱን አገኙት ማለት ነው። ወፍራሙ ቡሎን በዚህ የበሰበሰ እንጨት ውስጥ ለጥቂት ቀናት ይይዝልዎታል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀርዎት ከቀድሞው የሰፋ ቀዳዳ ነው።

የሁለተኛው መካኒክ ምክር ይበልጥ ያሳስበኛል። ከባድና ዙራቸው ዝግ ያለ አንዳንድ የጥንት ሞተሮች በቀጥታ በአልጋቸው ላይ ይታሰሩ እንደነበር እውነት ነው። በጎማ ላይ እንዲቀመጥ የተሠራ ሞተር ጎማው ሲወጣበት ግን ንዝረቱን ሁሉ ወደ ጀልባው አካል ስለሚልክ ፋይበሩን ይሰነጥቀዋል።

ጥገናው የሚጀመረው ባትሪውን በመንቀልና ዘንጉን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኙትን የፍላንጅ (በሁለቱ ጫፍ ላይ ፊት ለፊት የሚገጠሙት ክብ ብረቶች) ቡሎኖች በመፍታት ነው። ከዚያም አንድ ማውንት ብቻ ይፍቱና ሞተሩን በዚያ በኩል ጥቂት ብቻ ያንሡት፤ ክሪኩን ግን ከዘይት ማጠራቀሚያው ሥር ፈጽሞ እንዳያስገቡ፣ ስሱ ስለሆነ ይሰረጉዳልና። የበሰበሰው ቦታ በቀዳዳው ዙሪያ ብቻ ከሆነ ደህናው እንጨት እስኪገኝ ድረስ ቀዳዳውን ያስፉ፣ በሚገባ ያድርቁትና በመሙያ ዱቄት በወፈረ ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሾች ተቀላቅለው የሚጠጥር ሙጫ) ይሙሉት። ከጠጠረ በኋላ ለቡሎኑ ልክ የሆነ አዲስ ቀዳዳ ይበሳል። ማድረቁን በጣም አጥብቄ የምናገረው እርጥብ እንጨት ላይ የፈሰሰ ኢፖክሲ ስለማይጣበቅ ነው፤ እኔ ራሴ ለአንድ ቀን ትዕግሥት አጥቼ ሥራውን ከሥር እንደገና ለመጀመር ተገድጃለሁ። ብስባሴው በወራጁ ርዝመት የሄደ ከሆነ ግን የላይኛው ፋይበር ተቆርጦ እንጨቱ መለወጥ አለበት፤ ይህም የጀልባ ሠሪ ሥራ ነው።

ወራጁ ከተስተካከለ በኋላ ጎማዎቹን ይመርምሩ። ናፍጣና ዘይት የነካው ጎማ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፤ ያረጀው ደግሞ ይሰነጠቃል ወይም ከብረቱ ይላቀቃል። አንዱ ከተበላሸ አራቱንም አብረው ይለውጡ፤ አዲስና አሮጌ ጎማ እኩል ስለማይረግጡ ክብደቱ በአንዱ ላይ ይወድቃል። በማውንቱ ዘንግ ላይ ያሉት ሁለት ዳዶዎች፣ ማለትም ከሞተሩ እግር በላይና በታች ያሉት፣ እግሩን በመካከላቸው አጥብቀው መያዝ አለባቸው። ብዙ ጊዜ የላይኛው ብቻ ጠብቆ የታችኛው ስለሚረሳ እግሩ እየተጫወተ በመጨረሻ የማውንቱን ዘንግ ይሰብረዋል።

ዋናው ሥራ የሞተሩንና የዘንጉን መስመር ማስተካከል ነው። ይህ በየብስ ላይ አይሠራም፤ የጀልባው ቅርጽ በድጋፍ ላይና በውኃ ላይ አንድ ስላልሆነ፣ ጀልባው ውኃ ላይ አንድ ቀን ያህል ከቆየ በኋላ፣ ነዳጁና ዕቃው እንደወትሮው ተጭኖ ነው መለካት ያለበት። ሁለቱን ፍላንጆች በእጅ አቀራርበው በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ በፊለር ጌጅ (ጠባብ ክፍተት በሚለካባቸው ስስ የብረት ቅጠሎች) ይለኩ። የተለመደው ልክ ዲያሜትሩ 100 ሚሊ ሜትር ለሆነ ፍላንጅ በአራቱ ቦታዎች መካከል ያለው ልዩነት ከ0.1 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ነው። ከፍታውን በዳዶዎቹ፣ ወደ ጎን ያለውን ደግሞ በማውንቱ መቀመጫ ላይ ባለው ረጅም ቀዳዳ ያስተካክላሉ። የካምቢዮውን ፍላንጅ ሳያንቀሳቅሱ ዘንጉን ግማሽ ዙር አዙረው እንደገና ይለኩ፤ ሰፊው ክፍተት ከዘንጉ ጋር አብሮ ከዞረ ዘንጉ ወይም ፍላንጁ ጠማማ ስለሆነ ማውንቱን ማስተካከል መፍትሔ አይሆንም።

በጣና ላይ ለሚሠራ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በበጋ ውኃው ሲቀንስ ፕሮፔለሩ ድንጋይ ነክቶ ሊጎብጥ ይችላል፤ እምቦጭና የተቀደደ የናይሎን መረብም በዘንጉ ላይ ይጠመጠማል። ያልተመጣጠነ ፕሮፔለር በጥሩ ሁኔታ የታሰረን ሞተር እንኳ ቀስ በቀስ ያላላዋል፤ ስለዚህ የፕሮፔለሩን ቅጠሎች ሳይመረምሩ ጥገናው አለቀ ብለው አያስቡ።

አዲስ ጎማ በመጀመሪያ ሥራው በክብደቱ ጥቂት ዝቅ ስለሚል፣ ከ10 ሰዓት ያህል ጉዞ በኋላ ቡሎኖቹን አምራቹ በመመሪያው ባስቀመጠው ልክ እንደገና ያጥብቁ፣ ክፍተቱንም ይለኩ። ያን ጊዜ ከእያንዳንዱ ዳዶ ወደ ሞተሩ እግር የሚያልፍ ቀጭን የነጭ ቀለም መስመር ያስምሩ። ጠዋት የሞተሩን ክዳን ሲከፍቱ መስመሩ ተቆርጦ ካዩት ዳዶው ዞሯል ማለት ነውና፣ ከማጥበቅዎ በፊት ወደ ፕሮፔለሩ ይሂዱ።