ጂኑን ከየት አመጣው?

«የጃፓኖች አንጀት ባክቴሪያ የባሕር አረም የሚፈጭበትን ጂን በሚውቴሽን (በራሱ ጂን ላይ በደረሰ ድንገተኛ ለውጥ) ነው ያገኘው?» ላልከው፣ አይደለም። ከሌላ ባክቴሪያ ወስዶ ነው።

ሱሺ የሚባለው የጃፓን ምግብ የሚጠቀለልበት ጥቁር ቅጠል፣ ኖሪ፣ የባሕር አረም ነው፤ ውስጡ ፖርፊራን የሚባል የስኳር ሰንሰለት አለ። የእኛ ኢንዛይም አይነካውም። ባሕር ውስጥ የሚኖረው ዞቤሊያ የሚባል ባክቴሪያ ግን ይሰባብረዋል። ድሮ ኖሪ ሳይጠበስ ሲበላ እንዲህ ያሉ የባሕር ባክቴሪያዎች አብረው ሳይገቡ አልቀሩም፣ አንጀት ውስጥ የከረመው ባክቴሮይድስ ፕሌቤየስ የሚባለው ባክቴሪያም ጂኑን ከነሱ ወስዶ የራሱ አደረገው፤ በቃ፣ ጎረቤቶቹ የማይነኩት ምግብ ለሱ ተረፈ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ጥናት ጂኑን ከጃፓኖች ናሙና አገኘው፣ ከአሜሪካኖቹ ግን አጣው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ተማሪ ሳለሁ «ጃፓኖች ጂኑ አላቸው» ብዬ ጽፌ መምህሬ በቀይ አሰመረችበት። ጂኑ ያለው ባክቴሪያው ውስጥ እንጂ ሰውየው ውስጥ አይደለም፤ ነጥብ ያስቆርጥሃል።