ቆሞ የከረመ ቮልስ እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሉ ስለ ቆመ መኪና ሆኗል። ፒያሳና ካዛንቺስ ቤት ሲፈርስ በየግቢው ጥግ ሸራ ለብሶ የከረመው ሁሉ ወይ ይነዳ ወይ ይጎተት ሆነ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ መካኒክ የተሰደበባቸውን መስመሮችም አውጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ የሚኖሩ እናት ናቸው። የባለቤታቸው ቮልስ ሰውየው ካረፉ ጀምሮ፣ 14 ዓመት ሙሉ፣ ከማድ ቤቱ ጎን ቆሟል። መካኒክ የሆነው የእህታቸው ልጅ «አክስቴ፣ ባትሪ ብቻ ግዢልኝ፤ በግማሽ ሰዓት አስነሳልሻለሁ» ይላቸዋል። ልመነው ወይ?

መልስ፦ ይመኑት፤ ያስነሳዋል። ቮልስ ራዲያተር የለውም፣ ውስጡን የሚያዝግ ውሃም የለበትም። ካንዴላው እሳት ከሰጠና ቤንዚን ከደረሰው ብዙ አያስለምንም። እኔን የሚያስፈራኝ ከተነሳ በኋላ ያለው ጊዜ ነው።

ታንኩ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ነው። ቤንዚኑ በወለሉ መሃል በቀጭን የብረት ቱቦ ይመጣል፤ ጫፍና ጫፉ ላይ የሚያያዘው ግን በጎማ ነው። ያ ጎማ በ14 ዓመት ደርቋል። ሲያዩት ደህና ይመስላል፣ እጥፍ ሲያደርጉት ይሰነጠቃል። ሞተሩ ሲነሳ ፓምፑ ቤንዚን መግፋት ይጀምራል፤ ካፈሰሰም የሚያፈሰው የካንዴላ ገመዶቹና እሳት የሚያከፋፍለው ዕቃ አካባቢ ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር ላይ ቤንዚን የሚገባባት አጭር የናስ ቱቦም በጊዜ ብዛት ላልታ ትወልቃለች። በዚህ ላይ የሞተሩ አካል የማግኒዚየም ቅይጥ ነው፤ እሱ አንዴ ከተቀጣጠለ ውሃ ሲደፉበት ይብስበታል። መንገድ ዳር ነዶ አመድ የሆነ ቮልስ ያየ ሰው «ድሮም አሮጌ ነበር» ብሎ ያልፋል። አሮጌነቱ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ መነሻው አንድ ክንድ የማትሞላ ጎማ ናት።

ስለዚህ ባትሪው ከመገዛቱ በፊት ልጁ የድሮውን ቤንዚን ቀድቶ ያውጣ፤ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይሸታል፣ ለምንም አይሆንም። የነዳጅ ጎማዎቹን በሙሉ ይቀይር፣ ካምቢዮው አጠገብ የተደበቀችውን ጭምር። የዱቄት እሳት ማጥፊያ ከጎኑ ይኑር። አራቱን ካንዴላዎች ፈትቶ በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት ያንጠባጥብና ያሳድረው፤ በማግስቱ ሞተሩን በቁልፍ፣ በእጁ ያዙረው። እምቢ ካለ አያስገድደው፤ ዘይት ጨምሮ ደግሞ ያሳድረው። የሞተር ዘይቱን ይቀይር፤ የሚይዘው 2.5 ሊትር ነው። ሞተሩን የሸፈነውን ቆርቆሮ ከፍቶም ይይ። አይጥ እዚያ ጎጆ መሥራት ትወዳለች፤ በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ ሞተር አየር ከተዘጋበት ደግሞ ይቃጠላል።

ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ረዘም ያለ ባትሪ ከገዛ፣ ደልደል ያሉ አጎት ሲቀመጡ የወንበሩ ሞላ የባትሪውን ጫፍ ይነካና ወንበሩ መጨስ ይጀምራል። ቀልድ አይደለም፤ ሽፋን ይደረግለት።

ፍሬኑን ግን የእህትዎ ልጅ አይንካው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ በየጎማው ያሉት ትናንሽ ሲሊንደሮች ይህን ሁሉ ዓመት ሲዝጉ ነው የከረሙት። የድሮዎቹ ቮልሶች አንድ የፍሬን መስመር ብቻ ነው ያላቸው፤ አንዱ ጎማ ጋ ካፈሰሰ አራቱም ፍሬን የላቸውም። ከእርስዎ ሰፈር ወደ ቀበና ያለውን ቁልቁለት እኔ አልነግርዎትም። ፍሬን ሠሪው ግቢ ድረስ ይምጣ፣ ወይም መኪናው ተጎትቶ ይሂድ። በዚህ አልደራደርም።

ጥያቄ፦ ቮልሴ 6 ቮልት ይሁን 12 በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ አምፖሉ ላይ ተጽፏል።

ጥያቄ፦ ከተክለ ሃይማኖት። የነዳጅ ታንኩ ዝጎ ተበስቷል፤ ባዶውን ስለሆነ ሰፈር ያለው በያጅ ዘንድ ሊወስዱት ነው።

መልስ፦ አይውሰዱት! ባዶው ከሙሉው ይከፋል። የሚፈነዳው ታንኩ ውስጥ ቀርቶ ከአየር ጋር የተቀላቀለው የቤንዚን ትነት ነው፤ በኦሞ አጥቤዋለሁ ማለትም አያድንም። የነዳጅ ታንክ አጽድቶ መበየድን ሥራዬ ብሎ የያዘ ሰው ይፈልጉ። ካጡ ሌላ ታንክ ይግዙ። ለራስዎ ባይሆን ለበያጁ ልጆች ሲሉ።

ጥያቄ፦ ናዝሬት ስወርድ ይበራል፣ እንጦጦ ስወጣ ይለግማል፤ ካንዴላው ጥቀርሻ ነው።

መልስ፦ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ይሳሳል። ካርቡራቶሩ ይህን አያውቅም፣ ቤንዚኑን እንደ ቆላ ይለቀዋል። ካርቡራቶር የሚያውቅ ሰው ያሳዩት፣ ጠበብ ያለች ቀዳዳ ያስገባልዎታል። ጉልበቱ ግን ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ አየሩን ማንም አይጨምርልዎትም።

ጥያቄ፦ የፒያሳ ልጅ ነው። ሚኒሶታ ያለው ወንድሙ ከጎረቤት ጋራዥ 20 ዓመት የተቀመጠ፣ የ1970ዎቹ የበረዶ ሞተር (በረዶ ላይ የሚነዳውን ስኖውሞቢል) ገዝቶ «ቤንዚን ሞልቼ ገመዱን ስቤ ላስነሳው?» ይላል።

መልስ፦ እኔ የማውቀው በረዶ ቆርቆሮ ጣሪያ የሚደበድበውን ነው። ወንድምህ ግን አገሩን አውቆ ገዝቷል፤ ፖላሪስም አርክቲክ ካትም የተወለዱት እዚያው ሚኒሶታ ነው። የዚያ ዘመን የበረዶ ሞተር አብዛኛው እንደ ድሮ ቬስፓ ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚጠጣ ነው። ልኩ እንደ ሥሪቱ ከ20 ለ1 እስከ 50 ለ1 ይለያያል፤ መመሪያውን ያንብብ። ንጹህ ቤንዚን ከሞላበት ፒስተኑ ወዲያው ይነክሳል፤ ግሎ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። ዘይቱ ልክ ሆኖም በክራንኩ ጫፍና ጫፍ ያሉት ጎሚኒዎች ደርቀው አየር ካስገቡ ድብልቁ ይሳሳል፣ ፒስተኑም ይበሳል።

ሳይስበው በፊት ደግሞ የነዳጅ መስጫው ገመድ ሲለቀቅ ቶሎ እንደሚመለስ፣ ማጥፊያውም እንደሚሠራ ያረጋግጥ። ያ ነገር እንደ መኪና ዜሮ ማርሽ ላይ የሚቆም አይደለም፤ ሞተሩ ሲፈጥን ቀበቶው ራሱ ይይዝና ይነዳል። ኋላውን ከመሬት አንስቶ ያስደግፈው፣ ከበስተኋላውም ማንም አይቁም። የቀረውን እዚያ ያለ መካኒክ ይንገረው።

ጥያቄ፦ እየነዳሁ ቀዩ መብራት በራ፤ ባትሪ ነው ተብዬ ሜክሲኮ ድረስ ልሄድ ነበር።

መልስ፦ ወዲያው ይቁሙ። ዲናሞውን የሚያዞረው ችንጋ ማራገቢያውንም የሚያዞረው እሱው ነው፤ ከተበጠሰ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው አየር የለም።

ጥያቄ፦ ወንበሩን ቀይ ላልብሰው ወይስ ክሬም?

መልስ፦ ፍሬኑ ተሠርቷል?

ጥያቄ፦ የነዳጅ ጎማ ሶማሌ ተራ አገኛለሁ?

መልስ፦ ያገኛሉ፤ ግን የውሃ ጎማም «ያው ነው» ተብሎ ይሸጥልዎታል። ያው አይደለም፤ ቤንዚን ያሳብጠዋል፣ ያበሰብሰዋል። ቤንዚኑ ሲያልፍ ይታያል የሚባለው ግልጽ ፕላስቲክም በሞተር ሙቀት ደርቆ ይሰበራል። የድሮዋን ቁራጭ ይዘው ይሂዱ፣ ውፍረቷን ያስተያዩ፤ ማሰሪያ ክላምፖቹንም አዲስ ይግዙ።